ነጭ ዓሣ በክረምት የት ይሄዳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጣና ዓሣ አንዲት አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ፍሬ ነገሯ ይህን ያህል ነው፦ ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በክረምት ወደ ወንዝ ወጥተው ነው፤ ቁጥራቸውም ክፉኛ ወርዷል። ከዚያ በኋላ የደረሰን ጥያቄ ብዛት ጉድ ያሰኛል። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጅሙን አሳጥሬ፣ ስድቡን ደግሞ ወደ ጎን ትቼ እነሆ መልሴን።

ድሮ ባሕር ዳር ውስጥ ነጭ ዓሣ እንደ ልብ ነበር። አሁን ገበያው ሁሉ ቀረሶና አምባዛ ሆኗል። እውነት አልቆ ነው ወይስ ነጋዴው ሌላ ቦታ እየወሰደው? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

ነጋዴውን ለዛሬ ይተዉት፣ እናቴ። አላለቀም፤ ግን በጣም ቀንሷል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 ሐይቁ ላይ መረብ እየጣሉ ያገኙትን፣ ከ1999 እስከ 2001 ካገኙት ጋር ሲያስተያዩት፣ ነጭ ዓሣው በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ወርዶ ነው የጠበቃቸው። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ! እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የትልልቆቹ መቀነስ አይደለም። ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑት ትንንሾቹ ከዚህም በባሰ ሁኔታ ነው የጠፉት። ትልልቁ ብቻ ሲቀንስ መረብ በዝቷል ይባላል፤ ትንንሹ ሲጠፋ ግን መዋለዱ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሌላም ነገር ልንገርዎ። ገበያ ላይ "ነጭ ዓሣ" ብለን በአንድ ስም የምንጠራው፣ ሌላው አገር "ቢልጫ" የሚለው፣ አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚለው ወገን ሲሆን፣ ጣና ውስጥ ብቻ 15 ዝርያዎች ተለይተው ተመዝግበዋል። አንዱ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ አንዱ ዕፅዋት፣ ሌላው ወፍራም ከንፈሩን ድንጋይ ላይ እየለጠፈ የነፍሳት እጭ ይመጠምጣል። ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። የሚገርመው አዳኞቹ መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው ያለው። እንዲህ ዓይነት የአንድ ወገን ዝርያዎች ስብስብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የነበረበት ሌላው የታወቀ ቦታ የፊሊፒንሱ ላናዎ ሐይቅ ነበር። "ነበር" ያልኩት በምክንያት ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚያ ሐይቅ 15 የዓሣ ዝርያዎች ከነጭራሹ መጥፋታቸውን አስታውቋል። ስለዚህ ጣና ላይ ያለው የቀረው የመጨረሻው ነው።

እኔ ያልገባኝ፣ ሐይቁ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ዓሣው ለምን ወንዝ ድረስ ይንከራተታል? እዚያው አይወልድም? (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የዛሬው ጉዳይ ሁሉ የሚሽከረከረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጥልቀቱ ግን ይህ ነው የሚባል አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ከሥር ያለው ጭቃ ይታመሳል። በዚያ ላይ ክረምት ሲመጣ ወንዞቹ አፈር ይዘው ይገባሉ። ለመብላትና ለማደግ ምቹ ነው። ለእንቁላል ግን አስቸጋሪ ቦታ ነው።

የእንቁላሏን ነገር ቀረብ ብለህ ተመልከተው። ሳንባ የላት፣ ስንጥብ የላት፤ የምትተነፍሰው በቀጭን ሽፋኗ በኩል አጠገቧ ከሚያልፈው ውኃ ነው። ውኃው ቆሞ ከዋለ አጠገቧ ያለውን አየር ትጨርስና ትታፈናለች። ደለል ከተኛባትም እንደዚያው። ስለዚህ የምትፈልገው ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ፣ በፍጥነት የሚፈስ፣ ጥርት ያለ ውኃና ከሥሩ ንጹሕ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ደግሞ እንዲያው ምንጣፍ አይደለም። በድንጋዮቹ መሀል ያለው ክፍተት ነው ዋናው ቁም ነገር። እንቁላሏ እዚያ ክፍተት ውስጥ ትገባለች፣ ጎርፉ አይወስዳትም፣ ሌላ ዓሣ በቀላሉ አያገኛትም፣ ውኃ ግን ያለማቋረጥ በመሀሉ ሾልኮ ያልፋል። ስትፈለፈልም ጫጩቷ ከአስኳሏ የተረፈውን እየበላች ለጥቂት ቀናት እዚያው ተደብቃ ትቆያለች። ያንን ክፍተት ጭቃ ሲሞላው ላይ ላዩን ስታየው ወንዙ ምንም አልሆነም። ከሥር ግን ቤቱ ተዘግቷል።

እንዲህ ዓይነት ቦታ ያለው ደግሞ ወንዞቹ ላይ ነው፤ ያውም ዋናዎቹ ላይ ሳይሆን ወደ ላይ ወጣ ብለው በሚገኙት ትንንሽ ገባሮች። ጉማራን ወይም ርብን በነሐሴ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ውኃው ቡና ይመስላል። ትንንሾቹ ገባሮች ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ ቶሎ ይጠራሉ።

ጉዞው የሚጀምረው ክረምቱ ሲጠነክር ነው። ከሰኔ መጨረሻና ከሐምሌ ጀምሮ ዓሣዎቹ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ አርኖ ጋርኖ፣ ድርማ ሐይቁን በሚቀላቀሉበት ቦታ ይሰበሰባሉ። ጎርፉ ሲመጣ ሽቅብ ይወጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ማታ። ነሐሴና መስከረም ላይ ይደምቃል፣ ጥቅምት ላይ ይበርዳል። ሁሉም ዝርያ ደግሞ በአንድ ሳምንት አይወጣም። አንዱ ቀድሞ ገብቶ ይጨርሳል፣ ሌላው ይከተላል፣ በመጨረሻ የሚመጣም አለ። እነዚህ የቅርብ ዘመዳሞች ተደባልቀው አንድ እንዳይሆኑ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ተራ መጠበቅ ነው። እንቁላሉን ጥሎ የጨረሰው ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ጫጩቶቹ ወንዙ ውስጥ ባሉ ኩሬዎችና ዳር ዳር ባለው ለዘብ ያለ ውኃ እያደጉ ቆይተው ኋላ ይወርዳሉ።

ሰባት ያህል ዝርያዎች እንዲህ ወደ ወንዝ እንደሚወጡ በጥናት ታይቷል። የቀሩት ወንዝ ላይ በመራቢያ ጊዜ ስላልተገኙ እዚያው ሐይቁ አካባቢ እንደሚራቡ ይገመታል። ቅድም ያነሳሁት የቁጥር ማሽቆልቆል የከፋው በየትኞቹ ላይ እንደሆነ መገመት አያቅትህም። ወደ ወንዝ በሚወጡት ላይ ነው።

ታዲያ ችግሩ ማጥመዱ ነው ወይስ የወንዙ መበላሸት? አንዱን ምረጡና ንገሩን። (ከጎንደር)

አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ፣ ትንንሾቹን ዓሣዎች ያጠፋቸው በመጀመሪያ ደረጃ የወንዝ አፉ ላይ ማጥመድ ነው እላለሁ። ለምን ብትሉ፣ ነገሩ የተጀመረበት ጊዜ ይመሰክራል። እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ጣና ላይ የሚጠመደው በአብዛኛው በደንገል ታንኳ ነበር። በተለይ የሐይቁ ዳር ነዋሪ የሆኑት ወይጦዎች ከዳር ከዳር፣ ለዕለት ጉርስና ለአካባቢ ገበያ ያህል ያጠምዱ ነበር። በዚያ ዓመት ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። የገባው በበጎ ሐሳብ ነው፣ ሰው እንዲጠቀም። ነገር ግን ጀልባው ሩቅ መሄድ ሲችል፣ ዓሣው በአንድ ሥፍራ ተጨናንቆ የሚገኝበትን ቦታና ወር ማወቅ ጊዜ አልፈጀም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ሙሽሮችን ከነሚዜዎቻቸው ደጃፍ ላይ እንደማገት ነው። የምትይዘው ዓሣ ሁሉ ሆዱ ሙሉ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ዓሣ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች፤ ያ ሁሉ ከእሷ ጋር መጥበሻ ላይ ይወጣል። እነዚህ ዓሦች ደግሞ እንደ ቀረሶ ቶሎ ደርሰው ቶሎ የሚተኩ አይደሉም፣ ዕድሜያቸው ረጅም፣ እድገታቸው ዝግ ያለ ነው።

ወንዙ መበላሸቱ በኋላ እየተከተለ ነው የመጣው፣ አሁን ግን እኩል ተሰልፏል። ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ይወጣል፤ የሚወጣው ያው እንቁላል የሚጣልበት ጠጠር ነው። ተዳፋቱ ታርሶ አፈሩ ይወርዳል። በበጋ ደግሞ ፓምፕ ተደርድሮ ለሽንኩርትና ለሩዝ ውኃ ይሳባል፣ ኩሬው ሲደርቅ ውስጡ የቀረው ጫጩት ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አያቶቻችን ብርብራ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ እየበተኑ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፣ ዓሣውም አላለቀም። ዛሬ ምን ተገኘና ነው ብርብራ ወንጀል የሆነው? (ከፎገራ)

አያቶችህን አልወቅስም። ግን አንድ ሁለት ነገር ተቀይሯል።

መጀመሪያ ብርብራው ምን እንደሚያደርግ እንይ። ብርብራ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ነገር አለ። የዓሣው ሕዋሳት አየሩን እንዳይጠቀሙበት ያግዳቸዋል። ውኃው ውስጥ አየር እያለ ዓሣው ይታፈናል፣ እየተንገዳገደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሰውም ይለቅመዋል። ችግሩ መርዙ ዓይን የለውም። መረብ ቢያንስ ቀዳዳ አለው፣ ትንሹ ያመልጣል። ብርብራ ግን ክንድ የሚያህለውንም፣ ጥፍር የሚያህለውን ጫጩትም፣ ጫጩቷ የምትበላውን የውኃ ነፍሳትም አንድ ላይ ነው የሚጨርሰው። አንተ ከላይ የምትለቅመው አሥር ዓሣ ይሆናል። ከሥር የሚሞተውን አታየውም።

ድሮ ዓሣው ብዙ ነበር፣ በታታኙ ጥቂት ነበር፣ ስለዚህ ወንዙ ይችለው ነበር። ዛሬ ዓሣው ጥቂት፣ በታታኙ ብዙ። ደግሞም ብርብራ የሚበተነው ትንሽ ገባር ላይ፣ ውኃው ሲቀንስ ነው። ማለትም ጫጩቶቹ ባሉበት ቦታና ባሉበት ጊዜ። "ወንጀል" ላልከው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል፤ አማራ ክልልም የራሱ አዋጅ አለው። ሕጉ ወረቀት ላይ ችግር የለበትም። በሐምሌ ማታ፣ በዝናብ፣ የጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ጥያቄው እሱ ነው።

ለምን እንዲህ እንጨነቃለን? ጫጩት በማስፈልፈያ አስፈልፍሎ ሐይቁ ላይ መልቀቅ አይቀልም? ሌላው ዓለም የሚያደርገው እሱን አይደል? (ኢንጂነር ነኝ ያሉ አንባቢ)

ይህን ጥያቄ የላኩ ሰባት ስምንት ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ የብዙ ሰው ሐሳብ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። በአጭሩ ማስፈልፈያ ጊዜ ይገዛል፣ ዓሣውን ግን አያድንም።

ሌላው ዓለም ካሉ አይቀር አንድ ልጥቀስልዎ። አሜሪካ ውስጥ በሚዙሪ ወንዝ የሚኖር ፓሊድ ስተርጀን የሚባል ግዙፍ ዓሣ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ገባ። ከዚያ በኋላ ጫጩት እያስፈለፈሉ በብዛት ለቀቁ። የተለቀቁት አደጉ፣ ትልልቅ ሆኑ፣ በዚህ በኩል ሥራው ተሳክቷል። ነገር ግን በላይኛው ሚዙሪ ዓሣው እንቁላል እየጣለ፣ እንቁላሉም እየተፈለፈለ፣ ራሱ ወንዙ ያሳደገው ወጣት ዓሣ ለብዙ ዓመት አልታይ አለ። ምክንያቱ ሲፈተሽ ጫጩቷ ከተፈለፈለች በኋላ ለቀናት ከውኃው ጋር እየተንሳፈፈች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መውረድ አለባት። ከታች ግድቡ ያቆመው ውኃ አለ። ጉዞዋን ሳትጨርስ እዚያ ትደርሳለች፣ አየር የሌለው ደለል ላይ ታርፋለች፣ በቃ። መፍትሔው የተፈለገው ታዲያ ከላይ ነው፦ ዓሣው ይበልጥ ሽቅብ ወጥቶ ቢወልድ ጫጩቷ የምትወርድበት ርቀት ይረዝማል። ለዚህ ሲባል የሎውስቶን በሚባለው ገባር ወንዝ ላይ መንገድ የዘጋውን አንድ ዝቅተኛ የመስኖ ግድብ የሚዞር ሰው ሠራሽ የውኃ መንገድ ተቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ተከፈተ። ስተርጀኖቹም በዚያው ዓመት ተጠቀሙበት።

ወደ ጣና ስንመለስ፣ ተለቅቆ ያደገው ነጭ ዓሣም ከጥቂት ዓመት በኋላ ክረምት ሲመጣ ያንኑ ወንዝ ይፈልጋል። መረቡ እዚያው ካለ፣ ጠጠሩም ከሌለ፣ ዕድሜ ልካችንን ስናስፈለፍል መኖራችን ነው። ደግሞ የትኛውን ዝርያ ነው የምናስፈለፍለው? በቀላሉ የሚገኘውንና የሚስማማውን እንመርጣለን። እሱ ደግሞ ጣና ላይ ብቻ ሳይሆን በሌሎች የኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆችም በሰፊው የሚገኘው ኢንተርሚድየስ የሚባለው ይሆናል። አደጋ ላይ ያሉት ትልልቆቹ አዳኞች እንደተረሱ ይቀራሉ። ባሕር ዳር ያለው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በዚህ ዙሪያ የሚሠራው ሥራ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን ወንዙን መጠበቅ ሲያቅተን እንደ ማምለጫ አንጠቀምበት ነው የምለው።

"ከሌላ ቦታ እናምጣ" ያላችሁም አላችሁ። ከየት? ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው ዓሣ 40 ሜትር ገደማ ገደል ወጥቶ ጣና አይገባም፣ ከጥንትም አልገባም። ከኢንተርሚድየስ በስተቀር እነዚህ ዝርያዎች እዚያ ብቻ የሆኑትም በዚሁ ነው። መለዋወጫ የላቸውም።

ግድቦቹስ? ቆጋ ተሠራ፣ ርብ ተሠራ፣ መገጭም እየተሠራ ነው። ግድብ ይፍረስ ልትሉን ነው? (ከደብረ ታቦር)

አልልም። ሰው መብላት አለበት፣ ቆጋ ብቻውን 7,000 ሄክታር ገደማ ያለማል፣ ይህን የሚንቅ ሰው ገበሬ አያውቅም። ግን የግድብን ዋጋ ስናሰላ ዓሣውም ሒሳቡ ውስጥ ይግባ ነው።

የርብ ግድብ 73 ሜትር ቁመት አለው። እሱን ዓሣ ዘሎ አያልፈውም፣ ስለዚህ ከላይ ያሉት ገባሮች ለነጭ ዓሣ ተዘግተዋል። ከታች ያለው ወንዝ ግን አሁንም አለ፣ እዚያ የሚሠራ ሥራ አለ። ክረምት ላይ ውኃውን ሙሉ በሙሉ ከመያዝ ይልቅ ዓሣው "ጎርፍ መጣ" ብሎ የሚነሳበትን ያህል መልቀቅ ይቻላል። ግድቡ ጠጠርንም አብሮ ይይዛል፣ ከታች ያለው ወንዝ እየተራቆተ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ደግሞ አሸዋና ጠጠር የሚጭን መኪና ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ ከግድብ በታች ያለ ጠጠር እንዳይነካ ማድረግ ከሁሉም ርካሹ ነው። ገና ግድብ ያልተሠራባቸውን ገባሮች ደግሞ ምን እንዳላቸው ሳያዩ መዝጋት አያስፈልግም። ዝቅተኛ የመስኖ መከተሪያ ላይ ዓሣ የሚያልፍበት ተዳፋት መሥራት ከባድ ምሕንድስና አይደለም፤ ዲዛይኑ ላይ ከመጀመሪያው ከገባ ማለቴ ነው።

ሁሉንም የጨረሰው እምቦጭ ነው፤ ለምን ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳላችሁ? (ስማቸውን ያልጻፉ)

እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከላይ ያየነው 75 በመቶ መቀነስ የተመዘገበው ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ እምቦጭን ባልሠራው አንከስሰውም። አሁን በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ ወንዞቹ በሚገቡበት በኩል፣ ጥልፍልፍ ብሎ ሲተኛ ውኃው አየር ያጣል፣ የዓሣውንም መተላለፊያ ያጠብባል፣ ያ እውነት ነው። ግን እምቦጩ ነገ ቢጠፋ እንኳ የወንዝ አፉ ላይ መረቡ ከቀጠለ ነጭ ዓሣው አይመለስም።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማጠምድ ሰው ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ መረብ አንሱ ማለት ለእናንተ ይቀላል። በእነዚያ ወራት ልጆቼን ምን ላብላ? ዓሣ ፈላጊውም በፍልሰታ ይበዛል። (ከጣና ዳር)

ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝ የእርስዎ ነው፤ እውነትም አለዎት። ባዶ እጅ የሚቀመጥ ሰው ሕግ አይሰማም፣ እኔም አልሰማም ነበር።

እኔ የማምንበት እንዲህ ነው። ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ ማለት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የወንዝ አፎቹና ወንዞቹ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጻ እንዲሆኑ ነው። ከሐይቁ ስፋት አንጻር ሲታይ ይህ ትንሽ ቦታ ነው። በቀረው ላይ ቀረሶና አምባዛ ይጠመዳል። ያም ቢሆን ፍጹም አይደለም፣ አምባዛም በክረምቱ መጀመሪያ ረግረጉ ላይ ወጥቶ ነው የሚራባው፣ ስለዚህ እዚያም ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምን ወንዝ አፍ ብቻ ካሉኝ፣ አንድ መረብ የሚያደርሰው ጉዳት በቦታው ስለሚለያይ ነው። መሀል ሐይቅ ላይ ያለ መረብ የሚያገኘው ያጋጠመውን ነው። ወንዝ አፍ ላይ ያለው ግን የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ነው የሚይዘው፣ ያ ዓሣ ደግሞ የሚጎድለው ከእርስዎው መረብ ነው።

የሚዘጋበትን ቀንና ቦታ ደግሞ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ብቻ ሊወስነው አይገባም። ዓሣው የት እንደሚሰበሰብ ከማንም በላይ የሚያውቁት እናንተ ናችሁ፣ ማኅበሮቻችሁ ቁጭ ብለው ይከልሉት። ጥበቃው ላይም የሚከፈለው ሰው ከአጥማጁ ቢሆን ይሻላል፣ በክረምት ሁለት ሦስት ወር የሚቋረጠው ገቢ በከፊልም ቢሆን በዚያ ይካካሳል። ባለ አንድ ክሩ ቀጭን የፕላስቲክ መረብ ግን በየትኛውም ወር ይውጣ። እሱን የምለው ያለ ማመንታት ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይበጠሳል፣ ውኃ ውስጥ ተጥሎ ይቀራል፣ ተጥሎም ማጥመዱን አያቆምም።

እኔ ነጭ ዓሣ እየገዛሁ የምበላ ሰው ነኝ። መግዛት ላቁም? (የዓሣ ወዳጅ)

በበጋ ግዛ፣ ብላ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ቀረሶ ግዛ። እንቁላል የተሞላ ነጭ ዓሣ በነሐሴ ሲቀርብልህ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። ነጋዴው "ምን አገባህ" ቢልህም ጥያቄው ሲደጋገም ይሰማል።

እሺ፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንበል። ዓሣው እያገገመ እንደሆነ በምን እናውቃለን? ስንት ዓመትስ ይፈጃል? (ያው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ በድጋሚ)

ብዙ ሰው ወደ ገበያ ይመለከታል፣ ትልልቅ ዓሣ በዛ ወይ ብሎ። እሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምልክት ነው፤ አንዳንዴም ያሳስታል፣ አጥማጁ አዲስ ቦታ ስላገኘ ብቻ ገበያው ሊሞላ ይችላል። እኔ ብሆን የማየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመስከረም በኋላ በገባሮቹ ኩሬዎች ውስጥ ጫጩት አለ ወይ? ካለ እንቁላሉ ተጥሏል፣ ተፈልፍሏል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በቀጣዩ ዓመት ሐይቁ ዳር ላይ ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያለው መጠን ተመልሷል ወይ? ጫጩቱ ከወንዝ ወርዶ መኖር መቻሉን የሚነግርህ እሱ ነው፤ ቀድሞ የጠፋውም እሱ መሆኑን አትርሳ። ሦስተኛ፣ የተመለሰው ማን ነው? ኢንተርሚድየስ ብቻውን ከበዛ ሥራው ገና ነው። እነዚያ አፈ ሰፊዎቹ አዳኞች፣ እንደ ሜጋስቶማ ያሉት፣ ወንዝ አፍ ላይ በክረምት ሲቆጠሩ መታየት አለባቸው።

ስለ ዓመቱ፣ ቶሎ አይሆንም። ዛሬ በሰላም የተፈለፈለ ጫጩት ራሱ ለመውለድ ወደ ወንዝ እስኪወጣ በርካታ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ክረምት ዘግቶ "ለውጥ የለም" ማለት አይሠራም፣ ቢያንስ አንድ ትውልድ ሙሉ ዑደቱን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ እየፈለግህ ከሆነ ደግሞ ከገባሮቹ አንዱን ምረጥና በጥቅምት የእጅ መረብ ይዘህ ጫጩት መቁጠር ጀምር። ውድ ዕቃ አይፈልግም፣ ቦታውን ግን ከመሄድህ በፊት የአካባቢውን ገበሬ ጠይቅ፣ የቱ ኩሬ በበጋ እንደማይደርቅ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ቤሶ የሚሉት ዓሣ ነጭ ዓሣ ነው? (ከወረታ)

ዘመዱ ነው፣ እሱ ግን አይደለም። ቤሶ ስለታም የታችኛው ከንፈሩን ድንጋይ ላይ እየፋቀ አልጌ ነው የሚበላው። በሌላ ጊዜ ስለ እሱ ለብቻው እንጽፋለን።